ብዙ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ከፍቶ መሥራት



እኛ በዚህ ዓመት በሞሬሼት ትምህርት ከየቤተሰባችን የድሮ ፎቶግራፎችን ሰበሰብን። ዓላማው ፎቶዎቹን ስካን አድርገን፣ በኮምፒዩተር አጽድተን፣ በስግድ በዓል ሰሞን በትምህርት ቤታችን መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ነበር። ሥራውን ስንጀምር ከባዱ ነገር ጭረትና ቆሻሻ ማጥፋቱ ይሆናል ብለን ነበር። እንዲያውም እሱ ቀላሉ ሆነ። ያስቸገረን ብዙ ፎቶዎችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት፣ ማወዳደርና የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይምታታብን መሥራት ነው። አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ትልቅ ስሕተት ሠርተናል፤ እሱን በኋላ እንነግራችኋለን።

የፕሮግራሞቹ ትእዛዞች የታወቀ የአማርኛ ስም ስለሌላቸው በሚጠሩበት ስም በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ለምን ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ መክፈት ያስፈልጋል? አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት አይበቃም ወይ? አይበቃም። የሰው ዓይን አንድ ፎቶ አይቶ ሲዘጋና ሌላውን ሲከፍት የመጀመሪያውን ይረሳል። ፊቱ ተመሳሳይ መሰለን እንላለን እንጂ ምኑ ተመሳሳይ እንደሆነ መናገር አንችልም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ጆሮውን ከጆሮው፣ የነጠላውን ጥለት ከጥለቱ፣ የጎጆውን በር ከበሩ ጋር እያስተያዩ መመርመር ይቻላል። በእኛ ቤተሰቦች ደግሞ የዚህ ጥቅም ትልቅ ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ፎቶዎች ጥቂት ናቸው፤ ከኋላቸው ስምም ሆነ ቀን የተጻፈባቸው ከዚያም ያነሱ ናቸው። አንድ ሰው በአንድ ፎቶ ላይ ማን እንደሆነ ከታወቀ፣ በሌላው ፎቶ ላይ ያለው ሰው እሱ መሆኑን ለማወቅ ያለን መንገድ ማስተያየት ነው። ከዚያም ያ ሰው ራሱ ወይም የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ፎቶሾፕ አለ። ቤታችን ደግሞ ብዙዎቻችን ጊምፕን እንጠቀማለን፤ ምክንያቱም ጊምፕ በነጻ የሚገኝ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች ፎቶ የሚከፍቱበት መንገድ ይለያያል፤ ይህንንም ያወቅነው ቤት የጀመርነውን ሥራ ትምህርት ቤት ስንቀጥል ግራ ከተጋባን በኋላ ነው።

በድሮው ፎቶሾፕ እያንዳንዱ ፎቶ በራሱ መስኮት ይከፈት ነበር። መስኮቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ፤ ልክ ጠረጴዛ ላይ እንደተበተነ ወረቀት ማለት ነው። በ2008 የወጣው ፎቶሾፕ ሲኤስ 4 ታብ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ፎቶዎቹ በአንድ መስኮት ውስጥ ይከፈታሉ፤ ስማቸው ብቻ ከላይ በተርታ ይታያል። ጊምፕ ደግሞ ለብዙ ዓመታት መሣሪያዎቹን እንኳ ሳይቀር በተለያዩ መስኮቶች ይከፍት ነበር። በ2012 በወጣው ጊምፕ 2.8 ሁሉን በአንድ መስኮት የሚያደርግ ምርጫ ተጨመረ፤ ከ2018ቱ ጊምፕ 2.10 ጀምሮ ደግሞ ሲጫን ያው ምርጫ በርቶ ነው የሚመጣው።

ታብ ንጹሕ ነው፤ ዕቃ የተደረደረበት መሳቢያ ይመስላል። ከአንዱ ፎቶ ወደሌላው ለመሄድ በፎቶሾፕ ኮንትሮልና ታብ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ነው። ነገር ግን ታብ የሚያሳየው አንዱን ፎቶ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከኋላ ተደብቀዋል። ለማስተያየት ከፈለግን መሳቢያውን ዘርግፈን ጠረጴዛው ላይ መደርደር አለብን።

በፎቶሾፕ ይህ የሚደረገው ዊንዶው በሚለው ዝርዝር ውስጥ አሬንጅ በሚለው ስር ነው። እዚያ ብዙ ምርጫ አለ። ቱ አፕ ቨርቲካል የሚለው ሁለት ፎቶዎችን በቀኝና በግራ ያቆማል። ፎር አፕ አራቱን እንደ መስኮት መስታወት በአራት ይከፍላል። ታይል ኦል ቨርቲካሊ የተከፈተውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በሚወርዱ ጠባብ ዓምዶች ያደርጋል። ሁሉን ወደ ታብ ለመመለስ ኮንሶሊዴት ኦል ቱ ታብስ የሚለውን መጫን ነው። አንዱን ፎቶ ብቻ ከተርታው አውጥቶ ለብቻው ማንሳፈፍ የፈለገ ስሙን በማውስ ይዞ ወደ ታች መጎተት ይችላል። ካስኬድ የሚባለውም አለ፤ ተንሳፋፊ መስኮቶችን እንደ ካርታ ጨዋታ ይደራርባል። ለምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባንም።

ጊምፕ በአንድ መስኮት ሲሠራ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን አያሳይም። ስለዚህ ዊንዶውስ ከሚለው ዝርዝር ሲንግል ዊንዶው ሞድ የሚለውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ፎቶዎቹ በየራሳቸው መስኮት ይለያያሉ። ከዚያ አንዱን መስኮት ይዘን የዊንዶውስን ቁልፍ ከግራ ቀስት ጋር፣ ሌላውን ከቀኝ ቀስት ጋር ስንጫን ስክሪኑን እኩል ይካፈሉታል።

ስንት ፎቶ መክፈት ይቻላል? የኮምፒዩተሩ ጉልበት ይወስነዋል። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ ወደ 2362 በ3543 ፒክስል ይሆናል፤ ማለት ከ8 ሚሊዮን ፒክስል በላይ ነው። በዲስክ ላይ ፋይሉ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ሲከፈት ግን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ወደ 25 ሜጋባይት ይሆናል። ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚይዘው ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። እኛ የመጀመሪያው ቀን የሰበሰብነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፍተን ኮምፒዩተሩ ቆመብን። ደግሞስ፣ ሃያ ፎቶ በአንድ ስክሪን ላይ ቢደረደር እያንዳንዱ የቴምብር ያህል ይሆናልና ምን ይታያል? ለማስተያየት ከአራት በላይ መክፈት አያስፈልግም። ብዙ ፎቶ በትንሹ ለማየትና ለመምረጥ ሌላ ፕሮግራም ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ስለቆሙ ብቻ ተስተያዩ ማለት አይደለም። አንዱ በ14 ከመቶ፣ ሌላው በ50 ከመቶ ተጎልቶ ከሆነ አንዱ ሰው ሕፃን፣ ሌላው ግዙፍ ይመስላል። ስለዚህ ፎቶሾፕ በዚያው በአሬንጅ ስር ማች ዙም የሚል ትእዛዝ አለው። አንዱን ፎቶ የምንፈልገውን ያህል አጉልተን ማች ዙም ስንል ሌሎቹም ሁሉ በዚያው መጠን ይጎላሉ። ማች ሎኬሽን ደግሞ ሌሎቹን ፎቶዎች ወደ ተመሳሳይ ቦታ ይወስዳቸዋል፤ አንዱ ላይ የላይኛው ቀኝ ማእዘን እየታየ ከሆነ ሌላውም ላይ ያው ማእዘን ይመጣል። ማች ኦል ሁለቱንም አንድ ላይ ይሠራል። ሌላም የወደድነው ነገር አለ፤ የእጅ ምልክት ያለውን መሣሪያ ይዘን፣ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭነን አንዱን ፎቶ ስንጎትት ሌሎቹም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በማጉያውም ሺፍት ይዘን ስንጫን ሁሉም አብረው ይጎላሉ። ጊምፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስላላገኘን በእያንዳንዱ መስኮት ግርጌ ባለችው ሣጥን ውስጥ ቁጥሩን በእጃችን እንጽፋለን።

ነገር ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፤ እኛም ገብተንበታል። እኩል ከመቶ ማለት እኩል መጠን ማለት አይደለም። 100 ከመቶ ማለት የፎቶው አንድ ፒክስል በስክሪኑ አንድ ፒክስል ላይ ይታያል ማለት ብቻ ነው። አንዱን ፎቶ በ300 ዲፒአይ፣ ሌላውን በ600 ስካን ካደረግን በእኩል ከመቶ ሁለተኛው እጥፍ ሆኖ ይታያል። ሦስቶቻችን በሦስት ስካነር ስለሠራን ይኸው ደረሰብን። አንዷ ልጅ «ይቺ ሴትዮ ከእኅቷ በጣም ትረዝማለች» ብላ ጽፋ ነበር። አልረዘመችም፤ ስካነሩ ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አገኘን። አንደኛው ቪው በሚለው ዝርዝር ውስጥ ያለው ፕሪንት ሳይዝ ነው። ይህ ፎቶውን የሚያሳየው በፒክስሉ ሳይሆን በወረቀቱ መጠን ነው። ስክሪኑ ሴንቲሜትሩን በትክክል ላያሳይ ይችላል፤ ሁለቱ ፎቶዎች ግን እርስ በርሳቸው ይስተካከላሉ። ይህ የሚሠራው በስካነር ለመጡት ነው። በስልክ የተነሣ የፎቶ ፎቶ ወረቀቱ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ በስልክ የምታነሡ ከፎቶው አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጡ። ሁለተኛው መፍትሔ በእጅ ማስላት ነው። አንድ ዓይነት ፎቶ ሁኖ አንዱ በትልቅ ወረቀት፣ ሌላው በትንሽ ወረቀት ታትሞ ከሆነ የወረቀቱ መጠን አይረዳም። ያን ጊዜ በሁለቱም ላይ የሚገኝ አንድ ነገር እንለካለን። ለምሳሌ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት በአንዱ 60 ፒክስል፣ በሌላው 90 ከሆነ ሁለተኛውን በ100 ከመቶ፣ የመጀመሪያውን በ150 ከመቶ እናደርጋለን። ያን ጊዜ ፊቶቹ እኩል ይሆናሉ።

ይህን ካወቅን በኋላ ፎቶዎቹ መናገር ጀመሩ። ሁለት ምሳሌ እንጻፍ።

የአንድ ተማሪ ቤተሰብ ጎንደር አካባቢ፣ አምቦበር የተነሣ ስላይድ አላቸው፤ አንድ እንግዳ ሰው አንሥቶ የሰጣቸው ነው። ከዚያው ቀን የሆነ የወረቀት ፎቶም አለ። በሁለቱም ላይ አንድ ወጣት ሰው አለ። ጎን ለጎን ስናያቸው በወረቀቱ ላይ ሰዓቱን በግራ እጁ፣ በስላይዱ ላይ በቀኝ እጁ አድርጓል። ምናልባት ሰዓቱን አዘዋውሮ ይሆናል አልን። ከዚያ አጉልተን የሸሚዙን ቁልፎች አየን፤ እነሱም በተቃራኒው ጎን ናቸው። ሰዓት ይዘዋወራል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ግን አይዘዋወርም። ስላይዱን ስካነር ውስጥ ያስገባነው ተገልብጦ ነበር ማለት ነው። ኢሜጅ ሮቴሽን ስር ያለው ፍሊፕ ካንቫስ ሆሪዞንታል ወደ ቦታው መለሰው። ስላይዱን ብቻውን ብናየው ኖሮ ተገልብጦ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር፤ በስተግራ የቆሙት አያትም በስተቀኝ ተብለው ይጻፉ ነበር።

ሁለተኛው በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ የተነሡ ፎቶዎች ናቸው። ከግንቦት 24 እስከ 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን መጡ። በዚያን ጊዜ ተሳፋሪዎች እንዳይጠፋፉ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይለጠፍባቸው ነበር። በአንዱ ፎቶ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ግንባሩ ላይ ወረቀት አለ፤ የመጀመሪያው ቁጥር በእናቱ ነጠላ ተሸፍኗል። በሌላው ፎቶ ላይ ፊቱ ዞሮ የመጨረሻው አይታይም። ሁለቱን በ300 ከመቶ ጎን ለጎን አድርገን መካከለኞቹ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን አየን። ያ ልጅ ዛሬ የክፍል ጓደኛችን አጎት ነው። ሁለተኛው ፎቶ የእሱ መሆኑን አያውቅም ነበር።

አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ፎቶዎች ከሆኑ ጎን ለጎን ከማቆም ሌላ አንዱን በሌላው ላይ መደረብም ይቻላል። በጊምፕ ኦፕን አዝ ሌየርስ ይባላል። የላይኛውን ግማሽ ግልጽ እናደርገዋለን ወይም ዲፈረንስ የሚለውን እንመርጣለን፤ ያን ጊዜ ሁለቱ አንድ በሆኑበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ይሆናል፣ የተለየው ብቻ ያበራል። ሆኖም ወረቀት ስለሚጣመም በትክክል ማደራረብ ከባድ ነው። እኛ ጎን ለጎኑን መረጥን።

አሁን ስለ ስሕተታችን። ፎቶሾፕ በአሬንጅ ስር ኒው ዊንዶው የሚል ትእዛዝ አለው፤ በጊምፕ ደግሞ በቪው ስር ኒው ቪው ይባላል። ይህ ትእዛዝ አንዱን ፎቶ በሁለት መስኮት ያሳያል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። በአንዱ መስኮት በ400 ከመቶ አጉልተን የዓይን ዳር ስንጠግን፣ በሌላው መስኮት ፎቶው በሙሉ ምን እንደሚመስል እናያለን። አጉልቶ ብቻ የሚሠራ ሰው ፊቱን እንደ ላስቲክ ያለሰልሰዋል፤ ሙሉውን እያየ የሚሠራ ግን በጊዜ ያቆማል። ነገር ግን ሁለቱ መስኮቶች ሁለት ፎቶ አይደሉም። አንድ ቤት በሁለት መስኮት ማየት ነው። በአንዱ የተደረገው በሌላውም ይደረጋል። ቅጂ የሚፈልግ ኢሜጅ ከሚለው ዝርዝር ዱፕሊኬት የሚለውን መምረጥ አለበት።

እኛ ይህን አላወቅንም ነበር።

ፎቶው በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎጆ ፊት ለፊት የተነሣ ነው፤ አሥራ ሦስት ሰዎች አሉበት። የአንዷ ጓደኛችን አያት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ በሱዳን በኩል በእግር ሲመጡ ያላቸውን ሁሉ መንገድ ላይ ጥለዋል። ፎቶው የተረፈው ቀደም ብሎ ለመጣ ወንድማቸው በፖስታ ተልኮ ስለነበረ ነው። የዚሁ ፎቶ ሌላ ቅጂ በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ቤት ተገኘ። እኛም ሁለቱን ከፈትን፣ እኩል አጎላን፣ አስተያየን። በእማማ ፎቶ ላይ ከሦስት ሰዎች ራስ በላይ ትናንሽ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ፤ በዘመድየው ፎቶ ላይ የሉም። በጣም ደስ አለን። በአንዱ ቅጂ ላይ ካለና በሌላው ከሌለ ከካሜራው አልመጣም ማለት ነው፤ ስለዚህ ቆሻሻ ነው አልን። ኒው ዊንዶው ከፈትን፣ ቅጂ መሰለን፣ ነጥቦቹን ከጭረቱ ጋር አጠፋን። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አልን። ዋናው ስካን በላዩ ተጻፈበት። ወረቀቱን ደግሞ ለእማማ መልሰን ነበር።

እማማ ፎቶው ከመሰቀሉ በፊት ሊያዩት መጡ። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉና «ልጆቼ፣ ነጥቦቼን ምን አደረጋችኋቸው?» አሉ።

ነጥቦቹን ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እዚህ አገር ገብተው ፎቶውን ከወንድማቸው የተቀበሉ ዕለት በእስክሪብቶ ያልደረሱትን ምልክት አደረጉባቸው። አንዷ ታናሽ እኅታቸው ናት፤ ኡም ራኩባ በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ ሞታለች። ሌሎቹ ሁለቱ የአጎታቸው ልጅና አንዲት ጎረቤት ናቸው። በሱዳን በኩል ሲመጡ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች በመንገድና በጣቢያዎች እንደሞቱ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። እኛ ወደ መታሰቢያው ከክፍል ጋር ሄደናል። ነጥቦቹን ግን አላወቅናቸውም።

ያሳፈረን ፋይሉ መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ማስተያየታችን ትክክል ስለነበረ ነው። ነጥቦቹ በእርግጥ ከካሜራው አልመጡም። ጎን ለጎን ማየት ልዩነቱን አሳየን፣ ልዩነቱ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሳየንም። እማማ አልተቆጡም። በሳምንቱ ወረቀቱን በጋዜጣ ጠቅልለው መልሰው አመጡልን፤ እንደገና ስካን አደረግነው። ጭረቱን አጠፋን፣ ነጥቦቹን ተውናቸው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እንሠራለን። ዋናውን ስካን ማንም እንዳይጽፍበት እንዘጋዋለን፤ በዊንዶውስ በፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ሪድ ኦንሊ ማለት ይበቃል። በግራ በኩል ዋናውን፣ በቀኝ በኩል ሥራ ያለበትን ቅጂ እንከፍታለን። የፋይሉን ስም ስካን 1፣ ስካን 2 ማለት ትተናል፤ ዘጠኝ መስኮት ተከፍቶ ሁሉም ስካን ሲባል ማን ያውቀዋል? አሁን የቤተሰቡን ስም፣ የፎቶውን ቁጥርና ዋና ወይም ቅጂ መሆኑን እንጽፋለን። በፎቶሾፕ መስኮቱ ራስ ላይ ስሙና ከመቶው ይታያሉ፤ ኮከብ ካለበት ያልተቀመጠ ለውጥ አለ ማለት ነው። ኮከቡን ሳናይ መስኮት አንዘጋም።

ፎቶዎቹን በአንድ ትልቅ ገጽ ላይ ለመደርደርም መስኮቶቹን ጎን ለጎን ማድረግ ይጠቅማል። በአንድ በኩል ባዶውን ገጽ፣ በሌላ በኩል ፎቶዎቹን ከፍተን፣ በመውሰጃው መሣሪያ ፎቶውን ይዘን ወደ ገጹ እንጎትተዋለን። እዚህም የፒክስሉ ነገር ይመጣል፤ በ600 ስካን የሆነው ፎቶ ሲገባ ገጹን ሞልቶ ያልፋል፣ ከስልክ የመጣው ሊያንስ ይችላል። አስቀድሞ ማስተካከል ነው።

በድርድሩ ላይ አንድ ክርክር ነበረን። እኛ በዕብራይስጥ ስለምንማር ከቀኝ ጀመርን፤ የድሮውን በቀኝ፣ የተጠገነውን በግራ አደረግን። አማርኛ የሚያነቡት ወላጆቻችን ግን ከግራ ጀምረው የተጠገነውን የድሮ፣ የድሮውን የተጠገነ መሰላቸው። አንድ አባት «ቀድሞ ይሻል ነበር» አሉን። አሁን በሁለቱም ቋንቋ ከስሩ ጽፈንበታል።

የእማማን ፎቶ በመጨረሻ ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን አድርገን ሰቀልነው፤ ነጥብ ያለበትንና የሌለበትን። ከመሰቀሉ በፊት እማማ ወንበር ስበው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። እኛ ሺፍት ይዘን ሁለቱን ፎቶዎች አብረን እየጎተትን ከሰው ወደ ሰው እንሄዳለን፣ እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ አንዳችን ይጽፋል። በእሳቸው ፎቶ ላይ አንድ ፊት ተላልጦ ነበር፤ በዘመድየው ላይ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። አጉልተን ስናሳያቸው «ውይ፣ እሷ ናት እንዴ!» ብለው ሳቁ፤ የልጅነት ባልንጀራቸው ናት፣ ዛሬ ነታንያ ትኖራለች።

ከአሥራ ሦስቱ የአሥራ ሁለቱን ስም ጽፈናል። ከዳር በስተግራ በእናቷ ጀርባ ላይ የታዘለችው ሕፃን ስም አልተገኘም፤ እናቷንም የሚያውቁ ዘመዶቿን አላገኘንም። ፎቶው በመተላለፊያው ላይ ከኮምፒዩተር ክፍሉ በር አጠገብ ነው። ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ስታመጡ እባካችሁ እዚያ አቁሟቸውና አሳዩልን።